የጠፋው የጉዳት ደብተርና የአባቴ ሠላሳ አራት ጨዋታዎች

ለተከበሩ አቶ ሞርላይስ ታከር
የኩም ሄሊግ ራግቢ ክለብ ሊቀመንበር

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ክለብዎንም ከነተቆለፉት ቁምሳጥኖቹ በደህና እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። ለማስታወስ ችሎታዎ በተለይ እጸልያለሁ፤ በዚህ ወር ስለ አንድ ደብተር ሦስት ጊዜ ጠይቄዎ ሦስት የተለያየ መልስ ስለሰጡኝ አሳስቦኛል።

አባቴ ብሪንሞር ሃቫርድ በክለብዎ ማልያ አሥራ አራት ዓመት፣ በዌልስ ቀይ ማልያ ደግሞ ሠላሳ አራት ጊዜ፣ ተጫዋቾች ተቃቅፈው አንገት ለአንገት በሚገፋፉበት በግፊያው ሁለተኛ ረድፍ ተሰልፏል። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም፤ እኔንም በሟች እህቱ ስም ይጠራኛል። የፊታችን ሐሙስ የሐኪሞች ጉባኤ ሕመሙ ከጨዋታው የመጣ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። የጠየቁን ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ የክለቡ ወጌሻ የነበረው ኢድዋል ጉዳቶችን ሁሉ የሚመዘግብበት ደብተር። ስለዚህ ቅሬታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ደብተሩ መጀመሪያ «ኖሮ አያውቅም» ተባልኩ። በሳምንቱ ጎርፍ ወሰደው። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ለጥገና ተልኮ ኖሯል። ያው ጎርፍ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ የነበረውን የሠላሳ ሦስት ዓመት የገና ራት የመቀመጫ ዝርዝር ጫፉን እንኳ አላረጠበውም። ወንዛችን እንዲህ መርጦ እንደሚወስድ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በክለብዎ ራሱን ስቶ የወደቀ ተጫዋች እንዴት ይመረመር እንደነበር የነገረኝ፣ በግፊያው ከአባቴ ፊት ባለው ረድፍ ይሰለፍ የነበረው ዴልዊን ነው። ኢድዋል ማጅራቱ ላይ ቀዝቃዛ ስፖንጅ ይጨምቅና መዝሙር ይጀምርለታል፤ የወደቀው ሰው ባስ የሚባለውን ወፍራሙን ድምፅ ይዞ አንቀጹን ከጨረሰ ወደ ሜዳ ይመለሳል። አባቴ ያንን ድምፅ የተማረው በስድስት ዓመቱ በጸሎት ቤት ነው፤ ተኝቶም ይዘምረዋል። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ አባቴ ራሱን ስቶ በወደቀበት የየካቲት ጨዋታ የሆነውን ዴልዊን እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ «የኔ ልጅ፣ አባትሽ የት ሜዳ ላይ እንዳለን አያውቅም ነበር። ባሱን ግን አልሳተም። ታከር ‹ይኸው ይዘምር የለም እንዴ፣ ምን ሆነና? አስገቡት› አለ።» አባቴ በሰባተኛው ቀን ለዌልስ ተሰለፈ፤ ጨዋታውን ራሱ ስለማያስታውሰው ውጤቱን ሁልጊዜ የሚሰማው ከሰው ነበር። የዚያ ዘመን አምበል እርስዎ እንደነበሩ አንድም ጊዜ አለመንገርዎ ምን ያህል ትሑት እንደሆኑ ያሳያል።

3ኛ. በደብዳቤዎ «አባትሽ በክለቡ ራት ላይ አራቱንም አንቀጽ አሳምሮ ዘምሯል፤ ምንም አልሆነም» ብለው አጽናንተውኛል። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላም ምርመራውን ስላልቀየሩት ጽናትዎን አደንቃለሁ። ከራቱ ሲመለስ የት እንዳመሸ ጠየቅኩት፤ ገና አልሄድኩም አለኝ።

4ኛ. ደብተሩን በጽሑፍ በጠየቅኩ ማግስት እኔ የምጫወትበት የክለብዎ የሴቶች ቡድን አምበል እንድሆን ታጨሁ። ጥያቄዬን አልተውም ባልኩ ማግስት ደግሞ ስሜ ከተሰላፊዎች ዝርዝር ወጣ። ሁለቱም ግጥምጥሞሽ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ እርስዎን የመሰለ ሰው ሲጠረጠር ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሦስቱም መልሶችዎና ስለ ወንዙ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከምንጊዜም በላይ በንቃት የምከታተልዎ፣

ቴግዌን ሃቫርድ
የብሪንሞር ልጅ፣ ሳትጎዳ ከቡድን የወጣች ተጫዋች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነፍሱን ይማረውና ኢድዋል በየሜዳው ጠርዝ በእርሳስ የጻፈውን በማግስቱ ወደ ክለቡ ደብተር በንጽሕና ይገለብጥ ነበር። የእርሳሱን ማስታወሻ ሴት ልጁ ትናንት አምጥታ ሰጥታኛለች፤ ዛሬ ጠዋት ለሐኪሞቹ አስረክቤዋለሁ። በየካቲቱ ገጽ ላይ የእርስዎ ስም ሁለት ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ የክለቡን ደብተር ለመፈለግ አይቸኩሉ። ያገኙት እንደሆነ ግን አደራ፣ ገጾቹን እንዳሉ ይተዉልን፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አዘጋጅተናል።