አባባ ጠረጴዛውን ያልመቱበት ቀን

ውድ አቡሽ፣

መጀመሪያ እንዳትደነግጥ፤ አባባ ደህና ናቸው። ይኸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የምጽፈውን ይሰልሉኛል። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተ ሰው አታስጨርስም። ስለዚህ አርፈህ አንብብ።

ያ ጥለህልን የሄድከው ላፕቶፕ ታመመብን። በመጀመሪያ ዝም ብሎ ዘገምተኛ ሆነ፤ እስኪከፈት ልብስ ታጥቦ ይደርቃል እያልኩ ስቀልድበት ከረምኩ። ኋላ ግን ከሆዱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። አንድ ቀን የአባባን ፋይል ልከፍት ስል ደርቆ ቀረ። የቱን ፋይል እንደምል ታውቃለህ። ለጉሮሮ ቀዶ ጥገና ሊገቡ ሲሉ አንተ ማይክ ደቅነህ የቀዳኸውን፣ የመጨረሻ ድምፃቸውን። ስደውልልህ "አንቺ ጋ ሌላ ቅጂ አለ አይደል?" አልከኝ። እኔ ደግሞ ሌላው ቅጂ አንተ ጋ ነው ብዬ እስከዛሬ ተረጋግቼ ተኝቻለሁ! ሁለታችንም ጉዶች ነን።

ያንገበገበኝ የልጅህ ነገር ነው። አያቷ ድምፃቸው ከሄደ በኋላ ተወልዳ በስልክ እጃቸውን ሲያወዛውዙላት ብቻ ነው የምታውቃቸው። ስትመጡ ድምፃቸውን እናሰማታለን ብለን የለ? አባባ ያን ቀን የሚለብሱትን ሸሚዝ ሳይቀር መርጠው አስቀምጠዋል።

ኮምፒውተር ሠሪው በስልክ ሲሰማኝ "ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። እንዳትከፍቺው፣ ተሸክመሽም እንዳትወጪ። እኔ እመጣለሁ" አለኝ። ቃል የሚሰስት፣ ረጅም ሰውዬ ነው። በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባውን አዲስ ኤስኤስዲ የሚሉትን ዲስክ ይዞ መጣ፤ መዳፍ የማይሞላ፣ ቅልል ያለ ነገር። ደህና የሚሠራው ሶኬት አባባ ወንበር አጠገብ ያለው ብቻ ስለሆነ ዕቃውን እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። አሮጌውን ዲስክ ፈቶ አወጣና እሱንም አዲሱንም በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኛቸው። ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ ተጀመረ።

"አሮጌው ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ" አለኝ። "ከላዩ መርፌ የመሰለች ነገር ትመላለሳለች። ከተናወጠ ሳህኑን ትፍቀዋለች። አዲሱ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።"

አባባን ውሃ የጠማቸው ይሄኔ ነው። እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን ኳ! አደረጉት።

ኮምፒውተሩ ላይ ምን ያህል እንደተገለበጠ እያሳየ ሲሄድ የነበረው ቁጥር ቆመ። አሮጌው ዲስክ ቀጭ አለ። ሠሪው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ "ማነው የመታው?" አለ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የቤታችን ቋንቋ አድጓል፤ አንዴ ከመቱ ውሃ፣ ሁለቴ ከመቱ ነይ፣ ሦስቴ ከመቱ ጉሮሮዬ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቱቦ ተደፈነች ማለት ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

"ላፕቶፑ ሁልጊዜ የሚቀመጠው የት ነው?"

"እዚሁ።"

"ሲመቱም?"

አባባ ሁሉንም ሰምተዋል። እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ገልብጠው አዩት። አቡሽ፣ የገዛ ድምፃቸውን በገዛ እጃቸው ሲደበድቡ እንደከረሙ ሲገባቸው ማየት አያድርስ ነው!

ደግነቱ ቁጥሩ እንደገና መሄድ ጀመረ። ሠሪው አሁን ከነካነው ያበቃለታል፣ እዚሁ ይጨርስ አለ። እኔም ውሃውን ሰጥቻቸው "አባባ፣ በሞቴ፣ እስኪያልቅ እጅዎን ይሰብስቡ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሠሪው ስልክ ተደውሎለት ወደ ደጅ ወጣ። እኔም ዝናቡ ሲያካፋ ከጓሮ ልብስ ልሰበስብ ሄድኩ። ጆሮዬ ግን ቤት ውስጥ ነበር፤ ሁሌም እንደዚያ ነኝ። ኳኳታ የለም፤ ስለዚህ ደህና ናቸው እያልኩ አንሶላ አጥፋለሁ። ከዚያ ክው አልኩ። ኳኳታውን የከለከልኩት እኔው አይደለሁ?

አንሶላውን ጭቃ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ፊታቸው ጠቁሯል። ያለ ደጋፊ እንደማይነሡ ታውቃለህ። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው መሃል ቀብረው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አልነቀሉም። ጉሮሯቸው ላይ ያለችው ቱቦ ተደፍናለች። የውስጠኛዋን ቱቦ መዝዤ አወጣሁና አየር ሲገባ ፉጨቱን ሰማሁ። ዳግመኛ የተወለዱ መሰለኝ።

ከዚያ ጮህኩባቸው። "ድምፅዎ ገደል ይግባ! እኔ የምፈልገው አባት ነው ድምፅ?" አልኳቸው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። እንባቸውን ጠረጉና ግድግዳው ላይ ያለውን የልጅህን ፎቶ በጣታቸው አሳዩኝ። ምን ልበል? እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሠሪው ሲመለስ ግልበጣው አልቆ ነበር። ጥቂት ፎቶዎች ተበላሽተዋል፤ የአባባ ፋይል ግን ደህና ነው። አዲሱን ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ አስሮ ሲያበራው እፍ ሳይሉት ተከፈተ። ፋይሉን ነካሁት።

"ይሄ ነገር እየቀዳ ነው እንዴ?" አሉ አባባ። በድምፃቸው! ከዚያ አንተ መጣህ፦ "አባባ፣ ድምፅዎ ሲሄድ ሰው ሲፈልጉ እንዴት ሊጠሩ ነው?" ያን ሳቃቸውን ሳቁ። "ጠረጴዛውን እመታለኋ! እህትህ የት ትሄዳለች? መትቼ ሳልጨርስ ትደርሳለች።"

ይህን መስማት አልቻልኩም። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ብዙም ሳልቆይ ኳ፣ ኳ። ነይ ማለት ነው። ሠሪው "ይምቱ አባት፣ እንዳሻዎ ይምቱ፤ አዲሱ ምንም አይሆንም" ሲል ሰማሁት። ሮጬ ወጣሁ። ምንም አልፈለጉም፤ ከመጀመሪያው መልሰሽ ክፈቺው ማለታቸው ነው።

ቅጂውን ዛሬውኑ ልኬልሃለሁ፣ ሌላም ቦታ አስቀምጫለሁ። ልጅቷ ግን እስክትመጡ እንዳትሰማው፤ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰማው። እሳቸውንም ቃል አስገብቻቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ጠረጴዛውን ሊመቱ። እኔም የገባሁት ቃል አለ፤ እሱን ከታች ፈርሜበታለሁ።

ሳይመቱም የምትደርሰው፣
እህትህ