እሷ አትጫወትም

ግንቦት 3

ሰመራ ዛሬ እሳት ናት። ቢሮ ለምሳ ሲዘጋ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ትግሉ ማራገቢያው ሥር ካርታ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ባሌ አዲስ አመል አምጥቷል... ፖከር።

«ቁጭ በይ ላስተምርሽ።»

በገንዘብ ፋንታ ሽንብራ አካፈለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ለሌላው አይታይም። ከዚያ መሃል ላይ ሦስት ይገለጣል፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። የእጅሽንና የመሃሉን አዋህደሽ ምርጥ አምስት ታወጫለሽ። በየመሃሉ ውርርድ አለ። ማንም ካላስያዘ ማለፍ ይቻላል። ካስያዘ ግን ወይ እኩል ታስይዣለሽ፣ ወይ ትጨምሪያለሽ፣ ወይ ካርታሽን ጥለሽ ትወጫለሽ። ሁለት ጥንድ አንድ ጥንድን ይበልጣል፣ ሦስት ተመሳሳይ ሁለቱን ጥንድ። አምስቱም አንድ ምልክት ከሆኑ ከዚያ በላይ። ሦስት ተመሳሳይ ከጥንድ ጋር ከመጣ ደግሞ እሱንም ይጥላል።

«ባዶ ይዘሽም ብዙ ካስያዝሽ ሰው ፈርቶ ይወጣል» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ።

ታዲያ ይሄ ውሸት አይደለም?... ሽንብራዬን ሁሉ በላኝ። ሳቅን።

ግንቦት 9

አሁን ምሳ ሰዓት ሳሎኔ የኔ አይደለም፤ ትግሉ ሰው ሰብስቦ በገንዘብ ይጫወትበታል። ወልደ ኢየሱስ፣ የቢሯችን የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ካርታ ሲያድል አውራ ጣቱን ይልሳል። በያንዳንዱ ካርታ! የጫት አረንጓዴ ምራቅ ካርታው ላይ ይቀራል፤ ሌላው ያንኑ አንስቶ በዚያው እጁ ይበላል። ገረባው ምንጣፌ ላይ። ሽታው መጋረጃ ውስጥ ገብቷል።

«ወንጌላዊት፣ ቀዝቃዛ ውሃ!» ይለኛል ትግሉ።

አመጣለሁ። ለምንድነው የማመጣው?

ቢሮ የሥራ ባልደረባዬ አስረሳች ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ልጇ ፍሬሰላም ኩላሊቷን ታማለች፤ ክትትሏ አዳማ ነው። ከሰመራ መመላለሱ ሁለቱንም ጨረሳቸው። ደግነቱ ለአዳማ የሚቀርበው አዋሽ አንድ የዝውውር ቦታ ተከፍቷል፣ ተራው የሷ ነው። እኔም አዋሽን እመኛለሁ... እናቴ እዚያው አጠገብ አዋሽ አርባ ብቻዋን ናት። ቢሆንም ተራ ተራ ነው።

ግንቦት 15

ከሎጊያ ገበያ ስመለስ ትግሉ ደጅ ድረስ ወጥቶ አቀፈኝ።

«እቃሽን ሸክፊ! አዋሽ ልንገባ ነው!»

«እንዴት?»

«በላሁት!»

እየዘለለ ነገረኝ። በእጁ ሁለት ንጉሥ፤ መሃል ላይ አንድ ንጉሥና ሁለት ሰባት። ወልደ ኢየሱስ አምስት የልብ ምልክት ይዞ ያሸነፈ መስሎታል። ትግሉ ጨመረ። ወልደ ኢየሱስ ገንዘብ አለቀበት። ታዲያ «የአዋሹን ቦታ አስይዣለሁ፣ ከበላኸኝ ለሚስትህ» አለ።

ሙእሚን፣ ሎጊያ ጎማ የሚነግደው የወሎ ሰው፣ ካርታውን ጥሎ ተነሳ አሉ። «ወላሂ፣ ቁማሩስ ሐራም መሆኑን እያወቅኩ ነው የምቀመጠው፤ ይሄ ግን የሰው ሐቅ ነው» ብሎ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ትግሉ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር።

«የአስረሳች ተራ እኮ ነው» አልኩት።

«እና እናትሽስ?»

 ዘንቢሌን አንስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ግንቦት 16

ምሳ አልበላሁም። ትግሉ የኔንም በላው።

ግንቦት 18

ዝውውሩ በስሜ ወጣ። እውነት ነው። የእናቴ ፊት ድቅን አለብኝ፣ አልዋሽም... ወረቀቱን ይዤ ወልደ ኢየሱስ ቢሮ ገባሁ።

«አቶ ወልደ ኢየሱስ፣ ይሄ የአስረሳች ነው።»

«ዕድል ነው እህቴ። ዕድል አይገፋም።»

«ዕድሉ ለሷ ቢወጣስ ኖሮ?»

ጣቱን ልሶ ገጽ ገለጠ። «እሷ እኮ አትጫወትም» አለኝ።

እንዲህ፣ በቃ። የታመመ ልጅ ይዛ የቀረችው ስለማትጫወት ነው! በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ኮሪደር ላይ የነበረው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ። ማን ምን እንዳስያዘ፣ በማን ቤት፣ በምን ካርታ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ።

አስረሳች ኮሪደሩ ላይ ነበረች ለካ። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር?

«በናንተ ቤት?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቁጭ ብለው ሲጫወቱ አንቺ ውሃ ታቀርቢ ነበር?»

ከዚያ እንደ ቆሻሻ ዞራኝ አለፈች። 

ግንቦት 19

ትግሉ፦ «ያሸነፍኩትን! በሰው ፊት አዋረድሽኝ!» ሳህን ሰበረ። ስብርባሪውን ራሱ እንዲጠርግ ተውኩት። አልጠረገም።

ሰኔ 4

ወልደ ኢየሱስ ፈርቶ ቦታውን ለአስረሳች ሰጠ። ከኃላፊነቱ ግን ማንም አላነሳውም። ዛሬም ያው ወንበር ላይ ነው፤ ሰውም ያው ሰላም ይለዋል። እኔንም አልፎ አልፎ «እህቴ» ይለኛል። ጆሮዬን መታጠብ ያምረኛል።

ዛሬ ጠዋት እናትና ልጅ በሚኒባስ ሄዱ። መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ፍሬሰላም በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። እናቷ ወደኔ አልዞረችም። እውነቷን ነው።

ሰኔ 11

ምሳ ሰዓት ትግሉ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ይዞ መጣ፣ ጫት በብብታቸው።

በሩ ላይ ቆምኩ። «እዚህ ቤት ከእንግዲህ ካርታ አይዘረጋም።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ «ና እንሂድ እባክህ» አለው። ትግሉ እኔን አየ፣ እነሱን አየ... ተከትሏቸው ሄደ። በሩን ቀርቅሬ፣ ሳሎኑን አጥቤ፣ መስኮት ከፍቼ ተኛሁ።

አመሻሽ ላይ ትግሉ አንኳኳ።

«ወንጌላዊት፣ ክፈቺ።»

«ካርታውን ትተኸዋል?»

 ለመዋሸት እንኳ አልሞከረም። እዚያው ደጁ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። እናቴ ጋ ደወልኩ፤ «ቅዳሜ ብቻዬን እመጣለሁ፣ ልጠይቅሽ» አልኳት። «ትግሉስ?» አለችኝ። ደጅ ነው አልኳት።