ያልተነሳው እጅ

ኦበርላን፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2019

ለልጄ ለቡርጊ፣ ካለሽበት ሳፖሮ ይድረስሽ፤

እንዴት ከርመሻል? የላክሽው የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፤ ልኬ ነው። ጉልበቴ ከብርዱ አልስማማ አለ እንጂ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ስኪ በበረዶ ላይ እንዲንሸራተት የሚቀባውን ሰም ከድሮ ሰዎች በቀር የሚጠይቅ የለም፤ ስለዚህ ሰሙን ወደ ኋላ መደርደሪያ መልሼ ኮፍያና ጓንቱን ፊት አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሐሙስ ዕለት የክለቡ ሊቀመንበር ሴቨሪን ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ "ዋልቢ፣ ተነሺ፣ አዲሱን የስኪ መዝለያ ላሳይሽ። ደጃፍሽ ላይ ቆሞ አንድ ቀን እንኳ ሳትወጪበት!" አለኝ። ሴቨሪን በነጻ የሚያሳየው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። የፈለገውን ለመስማት ተከተልኩት።

አሳንሰሩ እስከ ማማው ጫፍ ያወጣል። ቁልቁል መንደርደሪያውን ሳይ አግዳሚውን በሁለት እጄ ያዝኩ። አንቺ በድሮው ማማ አግዳሚ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን እያወዛወዝሽ ዳቦ ትበዪ ነበር።

ከማማው ሥር ለጎብኚዎች ክፍል ሠርተዋል። በድሮው መዝለያ ላይ የተዘለለው ረጅሙ ርቀት ግድግዳው ላይ በነሐስ ተጽፏል፤ ከሥሩ የአባትሽ ስም አለ። መዝለያው ፈርሷልና ከእንግዲህ የሚያሻሽለው የለም። ሴቨሪን ግን ያሳየኝ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

"ይሄ የቡርጊ ነው። 'ፈር ቀዳጇ ሴት ዘላያችን' ብለን እናስቀርጻለን። ማርች ላይ ለክለባችን በዓል መጥታ ከሥሩ ቆማ ፎቶ ትነሳለች። ለእኔ ስለማትመልስ አንቺ ጻፊላት።"

"ያኔ መንገድ ጠራጊ ነበር የምትሏት" አልኩት። "ወንዶቹ ከመወዳደራቸው በፊት በረዶውን እንድትጠቀጥቅላቸው ነበር የምትለቋት።"

"ዘመኑ ተለወጠ እኮ። ያልተለወጠው ምላስሽ ብቻ ነው።"

"መዝለያው ሊፈርስ ሲል የዘለለችውን ርቀትስ ትጽፉታላችሁ?"

ሳቀ። "መንገድ ጠራጊ አይለካማ!"

"ለኪዎቹ ግን በየርቀት ምልክታቸው ቆመው ነበር። ስኪው አጠገባቸው ሲያርፍ እጃቸውን ያነሳሉ። መንገድ ለሚጠርጉት ወንዶች ልጆች እንኳ ያነሱ ነበር፤ ጸሐፊውም ይመዘግበው ነበር።"

"ለእሷ ማንም አላነሳማ፣ ዋልቢ።"

"ከሁሉም በታች፣ የረጅሙ ርቀት ምልክት ላይ የቆመው ማን ነበር?"

ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። "ባልሽን ጠይቂው" አለኝ። "እሱ አይቻለሁ ብሎ ከፈረመ፣ ርቀቱን በማግስቱ አስቀርጸዋለሁ።"

አባትሽን ኮርቢንያንን እራት ላይ ጠየቅኩት። ሾርባውን እየጠጣ ነበር።

"መንገድ ጠራጊ አይለካም" አለ እሱም። አንድ ላይ ያጠኑት ይመስላል።

"ይለካል ወይ አላልኩህም። የት አረፈች ነው ያልኩህ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "አልፋኝ ሄዳ ነው ያረፈችው" አለ። "በረዶው ፊቴ ላይ ተረጨ።"

"እጅህስ?"

"ኪሴ ውስጥ ነበር።"

"ታዲያ ፈርምላታ።"

"ያለኝ እኮ ያ ርቀት ብቻ ነው፣ ዋልቢ። እሷ ልጅ ናት፣ ሌላ ቀን ደግማ ትዘልለዋለች ብዬ ነው።"

"በዚያው ጸደይ መዝለያውን አፈረሱት።"

"እኔ ነኝ እንዴ ያፈረስኩት?" ብሎ ሾርባው እንዲሞቅለት ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ። አላሞቅኩለትም። አልፈረመም፤ የሚፈርምም አይመስለኝም።

ቡርጊ፣ በስልክ በደወልሽ ቁጥር "እማዬ፣ እውነት የአባዬን ርቀት አልፌው ነበር ወይስ ለራሴ የነገርኩት ተረት ነው?" ትዪኛለሽ። እኔ በዚያ ቀን ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ የሰማሁት የሕዝቡን ጩኸት ብቻ ስለሆነ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። አልፈሽዋል። ይህን የሰማሁት ሊነግረኝ ከማይፈልግ ሰው አፍ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ለሴቨሪን እጽፍላታለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩ። አትምጪ። መንገድ ጠራጊ ይሉሽ ነበር፣ አሁን ፈር ቀዳጅ ይሉሻል፤ ስሙ አማረ እንጂ ዝላይሽ እንዳልተለካ ነው። በአባትሽ ነሐስ ጎን ቆመሽ ፈገግ እንድትዪላቸው አልፈልግም።

አባትሽ ስጽፍ አይቶኝ "ሰላም በይልኝ" ብሏል። እንደሰጠኝ አድርሻለሁ፤ ከራሴ የጨመርኩበት የለም።

የበዓሉ ሳምንት ለሱቁ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ገበያ እንደሚሆን ሰው ሁሉ ይነግረኛል። እኔ ግን ሱቁን ልዘጋው ነው። ማርች ላይ ሳፖሮ ምን ያህል ይበርዳል? ቤትሽስ ትርፍ አልጋ ይይዛል? ወለሉም ቢሆን ይበቃኛል፤ ፍራሽ ግን ይኑረው።

ለዘላይ እንደሚመረቀው፣ ነፋሱ ከፊትሽ ይምጣ፤ ማረፊያሽ ይለስልስ። የምታሰለጥኛቸውን ልጆች እግዚአብሔር በደህና ያሳርፍልሽ።

እናትሽ
ዋልቡርጋ