ክሪኩን ይዤው ሄጃለሁ

ሰማው፣

ክሪኩን አትፈልገው። በጆንያ ጠቅልዬ ይዤው ሞጣ፣ እናታችሁ ዘንድ ሄጃለሁ።

ትናንት የሞተሩ ብሎን እምቢ ሲልህ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክተህ ከመኪናው ሥር ስትጎትት፣ እግርህ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ውጣ ብዬ ስጮህ «እትዬ፣ ደግሞ ብሎን መፍራት ጀመርሽ?» ብለህ ሳቅህብኝ።

ወንድምህ ከፋለም ስቆብኝ ነበር። የቢቸና መረሬ፣ ያ ጥቁር አፈር፣ ላዩ ደርቆ ሲያየው አመነው፤ ሥሩ ግን ገና የክረምት ጭቃ ነበር። ብሎኑ በድንገት ሲላላ መኪናው ተወዛወዘ፣ መኪናውን ያነሳበት ክሪክም ሰመጠ። ከፋለን፣ ባሌን፣ ጎትቼ ላወጣው አልቻልኩም።

ኮፈኑን ከፍተህ ከላይ ብሎኑ ላይ ናፍጣ አንጠባጥብበትና ይደር። ስመለስ ሰው ጠርተን መኪናውን ሲሚንቶ ወለል ላይ ገፍተን እናወጣዋለን።

መፍቻውን ከእጅህ ነጥቄ መወርወሬ ልክ አልነበረም። አጥሩ ሥር ታገኘዋለህ።

ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ።

መኪናውን በድንጋይ ደግፈህ ሥሩ እንዳትገባ፣ በከፋለ አጥንት!

የሱን መርዶ ይዘን የሄድን ለት፣ እናታችሁ ገና በር ላይ ሲያዩኝ «የትኛው ነው?» አሉኝ።

አሁን ቢሆን አይጠይቁኝም። የቀረሃቸው አንተ ብቻ ነህ።

ወይንእሸት