በአፎቹ ሥር የተጻፉት ፊደላት

ኪልበርን፣ ለንደን
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ቶኪዮ እንዴት ይዞሻል? ብርዱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ያስቸግረኛል።

ስለ ትምህርትሽ የጻፍሽውን እናትሽ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ጃፓኖቹ ከስድሳ ዓመት በፊት ለቴሌቪዥን ካርቱን መሥራት ሲጀምሩ፣ በየሳምንቱ ማድረስ ስለነበረባቸው ፊቱን አንዴ ሥለው አፉን ብቻ በስስ ፕላስቲክ ላይ እየለዋወጡ ያናግሩት ነበር ያልሽው። እዚህ ላይ ስደርስ ብድግ አለች።

"ሙስዓብም እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ነበረው!"

ወንድምሽን አስም ከነጠቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ያልከፈትነውን ሳጥን ከአልጋው ሥር ጎተተችው።

ውስጡ ወረቀት ላይ የተሣለ የኔ ፊት ነበር። የሥራ ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ፤ የግንባሬ ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ለብቻቸው ደግሞ በስስ ፕላስቲክ ላይ የተሣሉ፣ ተራ ቁጥር ያላቸው አምስት አፎች። እናትሽ በተራ በተራ ፊቴ ላይ ታደርጋቸው ጀመር። ልጄ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ ወረቀቱ ላይ ያለሁት እኔ ተናገርኩ። በየአፉ ሥር አንዳንድ ፊደል ጽፎበታል፦ ጎ፣ በ፣ ዝ፣ ል፣ ጄ።

"መቼ ነው እንዲህ ያልከው?" አለችኝ እያለቀሰች።

"ሁልጊዜ ነዋ" አልኳት።

አንቺ ሙስዓብን ያጣንበት ቀን ጠዋት ቤት ነበርሽ። "ሥዕል ደግሞ ሥራ ነው? መቼ ነው ሰው የምትሆነው?" ስለው ሰምተሻል። እሱ ጫማውን አስሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተደወለልን ከሆስፒታል ነው። ለእናትሽ አልነገርሽብኝም፤ አላህ ይስጥሽ።

አሁን ሥዕሉ ሳሎን ተሰቅሏል። ወደ ሥራ ስወጣ የተዘጋውን አፍ ገጥሜበት እሄዳለሁ፤ ትናንት ስመለስ ተከፍቶ አገኘሁት። "አንቺ ነሽ የቀየርሽው?" ብዬ እናትሽን ለመጠየቅ ፈራሁ።

የሁሉንም ፎቶ ልኬልሻለሁ። "ሰልማ ታንቀሳቅሰው፣ ድምፁን ግን አንተ ቅዳለት" አለችኝ እናትሽ። ዛሬ ገበያ ስትወጣ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ቃል ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። መልሼ ስሰማው ያለው እስትንፋሴ ብቻ ነው።

ለእናትሽ ግን ድምፁን ላንቺ ልኬዋለሁ ብያታለሁ። ስትደውልልሽ ደርሶኛል በያት፤ አደራ።

አላህ ካንቺ አይለይ። የሄድሽበትን ጨርሰሽ በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ።

አባትሽ
ጀማለዲን