አባባ የለጠፋት የአንድ የን ሳንቲም

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ ሺንጎ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ሉሲያስ? ትንሹ ልጃችሁ ማውሮስ? ሳኦ ፓውሎ አሁን ሙቀት ነው አሉ። እዚህ በረዶው መስኮት ደርሶ አካፋ ከእጃችን አልወጣም። እኔ ደህና ነኝ። አባባ ግን ቅጠል ከረገፈ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ልቡ ደክሟል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው፤ አትቀየመኝ።

የጃዝ ቡና ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ደረጃው ሥር ተደብቀን ሸክላ የምንሰማው ትዝ ይልሃል? እኔ ደረጃውን በወለወልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ይህን ቤት ላስዘጋው ነበር። እንደ ወጉ ለዓመቱ መጨረሻ ሳጸዳ፣ የሸክላ ማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የተለጠፈች የአንድ የን ሳንቲም አገኘሁ። “ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?” ብዬ ፈቅፍቄ አነሣኋት። በአዲስ ዓመት ጠዋት ቤተ መቅደስ ሄጄ፣ ለአባባ ጤና እየለመንኩ የስለት ሳጥኑ ውስጥ ወረወርኳት።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ቀጨጨ። መለከቱ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ መርፌው ይዘላል። ደንበኞች ቡናቸውን ሳይጨርሱ ይወጡ ጀመር። ለአባባ ብነግረው፣ “ለአንድ ቀን ቤት እንድመጣ ሐኪሙ ፈቅዶልኛል። መጥቼ እሰማዋለሁ፤ ካልተስተካከለ ግን ዝጊው” አለኝ። ደነገጥኩ። አምፕሊፋየር ቀየርኩ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን አዟዟርኩ። ወይ ፍንክች!

ባቡር ነጂ የነበሩት ደንበኛችን ጋሽ ኖሙራ ልፋቴን አይተው ሳቁብኝ። “አንቺ ልጅ፣ ራሱን ትተሽ ጭራውን ትጎትቻለሽ እንዴ? ድምፁ የሚወለደው መርፌው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ከተበላሸ ትልቁ ማጉያ ጩኸት ነው የሚጨምርልሽ።” ጎንበስ ብለው ክንዱን አዩና፣ “ሳንቲሟስ?” አሉኝ። ተናዘዝኩ። “እንግዲያው አማልክቱ ጥሩ ጃዝ እየሰሙ ነዋ!” ብለው ከኪሳቸው ሌላ አውጥተው ለጠፉ። ሳንቲሟ ልክ አንድ ግራም ትመዝናለች፤ መርፌው ሸክላው ላይ ረግቶ እንዲቀመጥ የጎደለው ያው አንድ ግራም ነበር። ድምፁ ተመለሰ። እኔም አለቀስኩ።

እሑድ አባባ መጣ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥጉን ይዞ ተቀመጠና ዐይኑን ጨፈነ። ሸክላ እየዞረ ያወራውን ሁሉ ከቤት የሚያስወጣው አባባ፣ ሙዚቃው መሐል ላይ፣ “ሺንጎ ይቺን ሰምቷት ያውቃል?” አለኝ። ተጣልታችሁ ከሄድክ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ስምህን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

“አይ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ነው የገዛሃት” አልኩት።

“ጻፊለት። መጥቶ ይስማት። እስኪመጣ አንዘጋም።”

አክስት ፉሚ ጉንጭህን ትስማለች፤ ጋሽ ኖሙራም ሰላም ብለውሃል። ለሉሲያ ሰላምታዬን፣ ለማውሮ ስሞሽ አድርስልኝ። ወንድም ጋሼ፣ ሐኪሙ ጸደይን ያያል አላለኝም። ቶሎ ና።

እህትህ ቺዙኮ
ሞሪዮካ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1984