ሐምሌ አሥራ ሁለት እንሄዳለን

ሚያዝያ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
ዴ ሞይን፣ ሲያትል

ውድ እማማ ዘሪቱ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የማኅበራችን ልጅ ሰለሞን ነው። የፊታችን ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ይበርራል፤ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ በእጅዎ እንዲሰጥዎ አስምዬዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ለኖላዊት አይስጧት። ለእርስዎ ልጅዎ ብትሆንም ለእኔ ከባሌ እህትነት አልፋ እህቴ ናት፤ ስለምታዝንልኝ እያለዘበች ነው የምታነብልዎ። እኔ ደግሞ እንዲለዝብ አልፈልግም።

ባለፈው እሑድ ደውለው ያሉኝን አልረሳሁትም። «የልጄ አፈር ሳይደርቅ መርከብ ላይ ልትጨፍሪ ነው አሉ» ብለው ዘጉብኝ። መልሼ ብደውል አላነሱም። ሃያ ዓመት ሙሉ «አቤት እማማ፣ እሺ እማማ» ስል ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ቃል መልሼልዎ አላውቅም። አሁን ግን እመልሳለሁ። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋም።

እንሄዳለን፣ እማማ። ሐምሌ አሥራ ሁለት እሑድ እኔና ልጄ ሃሴት ከአሥራ ሦስት ቤተሰብ ጋር ወደ አላስካ በሚሄደው መርከብ እንሳፈራለን። ሰባት ቀን ነው። ከመጀመሪያው የነገርኩዎ «መጨረሻ ላይ ትተወው ይሆናል» እያሉ እንዳያነቡ ነው።

ጋሽ ተክለ ጻድቅ ደውለው ምን እንዳሉዎ አላውቅም። የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። «ሽርሽር» ብለውዎት ከሆነ ግን ነገሩን አሳጥረውታል። ልጅዎ ፍቅረ ሥላሴ አውቶቡስ ነጂ እንደ ነበር ያውቃሉ። ማንን ያመላልስ እንደ ነበር ግን ነግሮዎት ያውቅ ይሆን? የመርከብ መንገደኞችን ከአውሮፕላን ማረፊያ ጭኖ ወደብ ያደርሳል፤ ከሳምንት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ከወደብ ተቀብሎ ወደ አውሮፕላናቸው ይመልሳል። አሥራ አራት ዓመት እንደዚህ ሠራ። የስንቱን ሻንጣ ከአውቶቡሱ ሆድ ሲያወጣና ሲያስገባ ወገቡ አለቀ። አንድም ቀን ግን መርከቡን ረግጦት አያውቅም።

ሰዎቹ ሲመለሱ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዞር ብሎ «ምን አያችሁ?» ይላቸዋል። ይነግሩታል። ዓሣ ነባሪ፣ ከተራራ ተገምሶ ባሕር ውስጥ የሚወድቅ በረዶ፣ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቅ የባሕር አንበሳ። እዚህ ሲያትል ሶዶ የሚባል ሰፈር ካለው ጋራዥ አውቶቡሱን አስረክቦ ቤት ሲገባ ያንኑ ለእኔና ለሃሴት ይደግምልናል፤ ራሱ ያየ አስመስሎ።

«በረዶው ሲወድቅ እንደ መድፍ ነው የሚጮኸው።»

«አንተ የት ሰማኸው?»

«ከኦሃዮ የመጡ አንድ ባልቴት ነገሩኝ። እሳቸው አይዋሹም።»

እንዲህ ሲል ሲል «እኛስ ለምን አንሄድም?» ብሎ ተነሣ። ብቻውን መሄድ ደግሞ ጠባዩ አይደለም፤ ልጅዎ አይደል፣ ያውቁታል፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሰው ጠርቶ የሚወጣ ሰው ነበር። አሥራ አራት ቤተሰብ፣ ሃምሳ ሦስት ሰው ሰበሰበ። ይህን ያህል ሐበሻ በአንድ መርከብ ማሳፈር ቀላል እንዳይመስልዎ። ቀን ለመቁረጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። ሰኔ እንዳይባል የሐዋርያት ጾም አለ፤ ነሐሴ እንዳይባል ፍልሰታ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያና የመርከቦቹን ፕሮግራም ጎን ለጎን ዘርግቶ በሁለቱ ጾሞች መካከል ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ አገኘ። ሐምሌ አሥራ ሁለት። ቀኑም ሚካኤል ሆነ። ጋሽ ተክለ ጻድቅ ራሳቸው «ባሕር የሚያሻግር መልአክ ነው፤ በሉ ይሁን» ብለው መረቁት። ይህንን ነግረውዎታል?

ከዚያ ደግሞ ምግቡ። የአወልና የሀዋ ቤተሰብ ሙስሊም ስለሆነ ሐላል ሥጋ እንዲዘጋጅ አስጻፈ። የምንጾመውን ቆጥሮ ሲያስመዘግብ የመርከቡ ሠራተኛ «ሥጋና ወተት የማይነኩት ስንት ናቸው?» ብትለው «ሠላሳ ስምንት፤ ግን ረቡዕና ዓርብ ብቻ» ቢላት ልጅቱ ስልኩን ይዛ ወደ አለቃዋ ሮጠች። አንዷ ሚጥሚጣ በሻንጣ ይገባል ወይ ብላ ትደውላለች። ሌላው መርከቡ ቢሰምጥ ታንኳው ለሁላችንም ይበቃል ወይ ይላል። ፍቅሬ ለሁሉም መልስ ነበረው።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። እሱ መሄድ የፈለገው አምና ነበር። ቦታ ነበረ፤ ሰዉም እሺ ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «ለከርሞ ይሁን» አልኩት። ምክንያቴ ምን ነበር መሰለዎ? ወጥ ቤቴን ማሳደስ ፈለግሁ። አብሮን የሚሄደው የመሳፍንት ሚስት ወጥ ቤቷን አሳድሳ ቀናሁባት፤ ሌላ ምንም አይደለም። እሱም እንደ ልማዱ «እሺ፣ ለከርሞ» አለኝ። አምና ሐምሌ እሱ ወደብ ያደረሳቸው ሰዎች በረዶ ሲያዩ እኔና እሱ የወጥ ቤት ሣጥን ቀለም ስንመርጥ ከረምን። ዘንድሮ የካቲት ሦስት ቀን ጠዋት ለሥራ ሲወጣ ልቡ ቆመ። የወደቀው በአዲሱ ወጥ ቤት በር ላይ ነው።

እማማ፣ በየቀኑ እዚያ በር ላይ ነው የማልፈው። «ለከርሞ» የምትባል ቃል ባሌን በላችብኝ። ከእንግዲህ ቤቴ አትገባም።

አርባውን አወጣን። ፋሲካም እንደ ነገሩ አለፈ። በሳምንቱ ዓርብ የፍቅሬ ስልክ ጮኸ፤ አላዘጋሁትም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚውለው። የደወለው ሮቢ ነው፣ ጉዞውን የያዘልን የጉዞ ወኪል።

«ልዕልት፣ በጣም ሶሪ፣ ፋይሉ ላይ ያለው ይሄ ቁጥር ነው» አለኝ። «ሶ… ግሩፑን ካንስል ላድርገው? እስከ ሰኞ ካላሳወቅን ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ማነው ካንስል አድርግ ያለህ?»

«ጋሽ ተክሌ ኮል አድርገውኝ ነበር። ሁላችሁም ተስማምታችኋል ብለው…»

«ሁላችሁም ሲሉ?»

«አንቺም ጭምር ነው የተባልኩት» አለኝ።

ገባዎት? የሚሰረዘው በእኔ ሐዘን ነው፤ ለእኔ ክብር ሲባል ነው። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ለሃሴት ስነግራት «ማሚ፣ ዘይ ዲድንት ኢቭን አስክ አስ!» ብላ ጮኸች። «አልጠየቁንም እኮ!» ማለቷ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ስትቆጣ ያየኋት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍሏን ዘግታ ነበር የምትውለው። እውነቱን ልንገርዎ፣ መቆጣቷ ደስ አለኝ።

እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ማኅበሩ ሬኒየር ቢች ባለው አዳራሽ እንደሚሰበሰብ ሰማሁ። ጥቁሬን ለብሼ ሃሴትን አስከትዬ ገባሁ። ሁሉም ብድግ አሉ። ላመሰግናቸው የመጣሁ ነው የመሰላቸው።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ ጋሽ ተክለ ጻድቅ። «አንቺን ሐዘን ላይ ጥለን የት እንሄዳለን ብለን ነው። ወግ አለን፣ ባህል አለን። ሙት ዓመቱ ይውጣና ለከርሞ እንሄዳለን።»

ሌላ ቃል ተናግረው ቢሆን ምናልባት እቀመጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ማን ጥላችሁኝ ሂዱ አለ? እኔ እሄዳለሁ እኮ!»

እኔም አንዴ ገብቼበታለሁና «እስቲ መሄድ የማይፈልግ እጁን ያውጣ» አልኩ። አንድም እጅ የለም። «የሚፈልግስ?» አልኩ። አሁንም የለም። እርስ በርስ ይተያያሉ። ይሉኝታችንን ያውቁታል፣ እማማ፤ እዚህ ድረስ ተከትሎን መጥቷል፣ ቪዛም የጠየቀው የለም። ለካ እያንዳንዱ ቤት «እነ እገሌ ቀርተው እኛ እንዴት እንሄዳለን» ብሎ ነው የቀረው። መጀመሪያ «አንሄድም» ያለው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

በመጨረሻ እጇን ያወጣችው ሀዋ ናት።

«ወላሂ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ!» አለች። «ለፍቅሬ አላለቀሰችም የሚለኝ ካለ እዚሁ ይንገረኝ። ሰውየው ለእኔ ሐላል ሥጋ ለማስጻፍ ስንት ቀን ስልክ ላይ እንደ ቆመ አውቃለሁ። ያን ሁሉ የለፋው እንድንቀርለት ነው እንዴ?»

ቀጥሎ መሳፍንት አወጣ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችውና ዞር ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ እሷም አወጣች። እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ጋሽ ተክለ ጻድቅ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ «አማትሽ ይህንን ይስሙ» አሉኝ። እንዳሉትም አደረጉት፤ እርስዎ ሰሙ።

አሁን የእርስዎንና የእኔን ላንሣ። የልጅዎን ቀብር በስልክ እንዳዩ አውቃለሁ። ኖላዊት ስልኩን ይዛልዎ ሲያለቅሱ ድምፅዎ እዚህ መቃብሩ ድረስ ይሰማን ነበር፤ መሐል ላይ መስመሩ ሲቋረጥ እኔም የተቋረጥኩ መሰለኝ። አፈር አላለበሱትም፤ እርምዎን በወጉ አላወጡም። ያ ቁጣ እኔ ላይ ቢወጣ አልፈርድብዎም። ይቆጡኝ፤ ይርገሙኝም። ነገር ግን «አላዘነችም» አይበሉኝ። ይህችን አልቀበልም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ልጽፈው አልፈለግሁም፣ ግን እጽፈዋለሁ። አባቱ ሲሞት ፍቅሬ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እርስዎ ሰባት ዓመት ጥቁር ለበሱ። አገር ሁሉ «ሐዘን እንደ ዘሪቱ» አለ። እሱ ግን የነገረኝ ሌላ ነው። በዚያ ሰባት ዓመት ቤታችሁ ሬዲዮ አልተከፈተም። ጎረቤት ሲድር ድንኳኑ ከአጥራችሁ ተጠግቶ ተተከለ፤ እሱና ኖላዊት በአጥሩ ቀዳዳ ተሻምተው ሠርግ ሲያዩ «ሰው ምን ይለናል» ብለው ጎትተው አስገቧቸው። ሲነግረኝ አልወቀሰዎትም። «እናቴም ማየት ፈልጋ ነበር፤ ሰው ፈርታ ነው» አለኝ። ከዚያ የመርከቡን ሥዕል ከፈተና ሃሴትን ጠርቶ «ይቺ መስኮት ያንቺ ናት» አላት።

ያችን መስኮት አልሰጥም፣ እማማ። ለወግም፣ ለባህልም፣ ለእርስዎም ቢሆን አልሰጥም።

ጥቁሩን ታወልቃለች ብለው ከሰጉ አላወልቅም። በጥቁሬ እሳፈራለሁ። እራት ላይ ሰው ሁሉ አጊጦ ሲመጣ በጥቁሬ እቀመጣለሁ። ሀዋ እጄን ይዛ «ተነሺ» ካለችኝም በጥቁሬ እነሣለሁ። የለበስኩት ለእሱ ነው፤ ሰው እንዲያይልኝ አይደለም። ሮቢ «በጋሽ ፍቅሬ ቦታ ሌላ ሰው ይግባ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ማንም እንዳይገባ አልኩት።

አሁን ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በእሱ እጅ ጽሑፍ ነው ያለው። ስለ ሚጥሚጣው የሚደወለውም ለእኔ ነው። ትናንት ማን ደወለ መሰለዎ? ጋሽ ተክለ ጻድቅ። ብዙ ሳል ከሳሉ በኋላ «ለመሆኑ የእኔ ስም… ተሰርዟል?» አሉኝ። ለካ የሁላችንንም ሲያሰርዙ የራሳቸው አንጀት አልቆረጠም። አልሰረዝኳቸውም። ፍቅሬ የጻፈውን እኔ አልሰርዝም።

የምንመለሰው ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ እሑድ ነው። እዚህ ጠዋት ሲሆን እናንተ ጋ አመሻሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከወደቡ ሳንወጣ እንደውልልዎታለን። የምንደውለው በፍቅሬ ስልክ ስለሆነ የሚታይዎ የእሱ ቁጥር ነው፤ እንዳይደነግጡ ከአሁኑ ልንገርዎ ብዬ ነው። ያንሱት። እኔን ማነጋገር ካልፈለጉ ስልኩን ለሃሴት እሰጣታለሁ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ከከበደዎ ይለፉት። ቁጣው ከቀረዎም በኋላ ይደርሳል፤ ቆሜ እሰማዎታለሁ።

መጀመሪያ ግን «ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቋት። ቢኖር የሚጠይቃት አባቷ ነበር፤ አሁን የቀሯት እርስዎ ነዎት።

ምራትዎ፣
ልዕልት